ሟሟ፣ ቀለጠ፣ ተበጠበጠ፦ የአንድ ጽንሰ ሐሳብ ታሪክና የሦስት ቃላት ድንበር

በዕለት ተዕለት አነጋገራችን ቅቤ በእሳት ይቀልጣል፤ ጨው በውሃ ይሟሟል፤ በሶ ይበጠበጣል። ይሁን እንጂ «ጨው በውሃ ቀለጠ» ማለትም የተለመደ ነው፤ ሰሚውም አይቸገርም። ችግሩ የሚመጣው ቃሉ ከማዕድ ቤት ወጥቶ ወደ ሳይንስ መጽሐፍ ሲገባ ነው። የገበታ ጨው በሙቀት ብቻ እንዲቀልጥ ከተፈለገ 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያስፈልገዋል፤ በውሃ ውስጥ ግን ያለ እሳት ይሟሟል። ስለሆነም ሁለቱን በአንድ ግስ የሚተረጉም ሰው ሁለት የተለያዩ ክንውኖችን አንድ ያደርጋል። ይህ ጽሑፍ የመሟሟት ጽንሰ ሐሳብ የተጓዘበትን መንገድ በአጭሩ በመቃኘት፣ የቃል ምርጫው በምን ላይ ሊመሠረት እንደሚገባ ያመለክታል።

በአውሮፓ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጥያቄው «ጨው በውሃ ውስጥ የት ገባ?» የሚል ነበር። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ፒዬር ጋሳንዲ (1592–1655) ውሃ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች እንዳሉት፣ የጨው ደቃቅ ክፍሎችም ቅርጻቸው በሚስማማቸው ቀዳዳዎች እንደሚገቡ ገመተ። የገበታ ጨው ጠግቦ ተጨማሪ የማይቀበል ውሃ፣ አሉም የተባለውን ሌላ የጨው ዓይነት ግን ሲቀበል በማየቱ፣ ለዚህኛው ሌላ ቅርጽ ያለው ቀዳዳ አለ ሲል ደመደመ። ያየው እውነት ነበር፤ ያብራራበት መንገድ ግን አልጸናም።

የላይደኑ መምህር ኸርማን ቡርሃቨ እ.ኤ.አ. በ1732 ባሳተመው የኬሚስትሪ መጽሐፍ ጥያቄውን ወደ ሌላ አቅጣጫ መራው። በአሲዶች ድብልቅ የተበተነ ወርቅ ከፈሳሹ እጅግ የከበደ ሆኖ ሳለ ስለ ምን ወደ ታች አይሰምጥም? መልሱም መሟሟት የአንዱ በሌላው ላይ የሚፈጸም ድርጊት ብቻ ሳይሆን የሁለቱ መሳሳብ ነው የሚል ነበር። ይህ ለቋንቋ ሰው ልብ የሚባል ነው። በአማርኛ «ሟሚ» እና «አሟሚ» ስንል፣ የአድራጊነት ቅጥያው ፈሳሹን አድራጊ፣ ጨውን ተደራጊ አድርጎ ያቀርባል። ሰዋስው እንዲህ ይከፍላቸው እንጂ በተፈጥሮ ሁለቱም ተካፋዮች ናቸው።

ትልቁ የቃል ጥያቄ የተነሣው ግን በአንቷን ላቮዚዬ ነው። ላቮዚዬ እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው መሠረታዊ የኬሚስትሪ ድርሳን፣ የጨው በውሃ መሟሟትና የብረት በአሲድ መጥፋት ለረጅም ጊዜ በአንድ ስም ሲጠሩ መቆየታቸውን ነቀፈ። በመጀመሪያው ጨውም ውሃም አይፈርሱም፤ ውሃው ቢተን ጨው ይመለሳል። በሁለተኛው ግን ብረት በሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ሲገባ ጋዝ ይወጣል፤ ፈሳሹ ቢተን የሚገኘው ብረት ሳይሆን አረንጓዴ ጨው ነው። ስለዚህም ለመጀመሪያው «ሶሉስዮን»፣ ለሁለተኛው «ዲሶሉስዮን» የሚሉትን ቃላት ለየ። ሁለቱም «መፍታት» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ግስ የመጡ ናቸው። የሚያስገርመው ልዩነቱ ሲጸና ስሞቹ አለመጽናታቸው ነው፤ በዛሬው ፈረንሳይኛ «ዲሶሉስዮን» ክንውኑን፣ «ሶሉስዮን» ውጤቱን ይሰይማል። ድንበሩ በትርጓሜ ካልታሰረ፣ ስም ብቻውን ሊጠብቀው አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ1887 ስዊድናዊው ስቫንተ አሬኒየስ ጨው በውሃ ሲሟሟ ኤሌክትሪካዊ ሙል ወዳላቸው አየኖች እንደሚለያይ አስተማረ። በዛሬው ዕውቀት የሶዲየምና የክሎራይድ አየኖች በውሃ ሞለኪውሎች ተከበው ይበተናሉ፤ የስኳር ሞለኪውል ግን ሳይፈርስ ይሰራጫል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 100 ግራም ውሃ 36 ግራም ያህል ጨው ሲያሟማ፣ ስኳርን ግን 200 ግራም ያህል ይቀበላል። በውስጥ አሠራር ቢለያዩም ሁለቱም መሟሟት ናቸው፤ በፈሳሹ ሁሉ በእኩል ይሰራጫሉና፣ ቢቀመጡም አይዘቅጡምና።

ይህ መመዘኛ የራሳችንንም ቃላት ይለያል። በብርዝ ውስጥ የማሩ ስኳር ሟሙቷል፤ ቢቀመጥ አይዘቅጥም። የተበጠበጠ በሶ ግን ጥቂት ቢቆይ ዱቄቱ ወደ ታች ይወርዳል። እንግዲህ «ብጥብጥ» የሚለውን ለሟሟ ፈሳሽ መጠሪያ ማድረግ፣ ወይም በተቃራኒው በሶን «ሟሟ» ማለት ድንበሩን ያፈርሳል። ጉዳቱም በወረቀት ላይ አይቀርም። ለሕፃናት በውሃ ተበጥብጠው የሚሰጡ አንዳንድ የጸረ ተሕዋስያን ዱቄቶች አይሟሙም፤ ተንሳፍፈው ቆይተው ይዘቅጣሉ። ተርጓሚው «በውሃ ያሟሙት» ብሎ ቢጽፍ፣ እናት ጠርሙሱን መነቅነቅ አያስፈልግም ብላ ልታስብ ትችላለች፤ ያን ጊዜ ሕፃኑ መጀመሪያ ቀጭኑን፣ በመጨረሻ ወፍራሙን ይወስዳል።

በመሆኑም በሙቀት ብቻ ከጠጣርነት ወደ ፈሳሽነት ለሚለወጠው «ቀለጠ»፣ በፈሳሽ ውስጥ በእኩል ተሰራጭቶ ለማይዘቅጠው «ሟሟ»፣ ተንሳፍፎ ለሚዘቅጠው «ተበጠበጠ» ቢወሰን ይገባል። ብረት በአሲድ ሲጠፋ ግን «ከአሲዱ ጋር ተዋሕዶ ሌላ ነገር ሆነ» ብሎ መግለጽ ይሻላል። አራቱም በሕዝቡ አንደበት ያሉ ናቸው፤ የሚጎድለው አዲስ ቃል ሳይሆን በየመግቢያ ቃሉ ሥር የሚጻፍ ጥብቅ ትርጓሜ ነው።