ፕላዝማው አይጠብቅም ነበር

መስከረም ሲቃረብ የማኅበራችን የብድር ማመልከቻ ይበዛል። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ደብተር፣ ዩኒፎርምና የአስጠኚ ክፍያ። ደብተርና ዩኒፎርም ድሮም ነበሩ። የአስጠኚ ክፍያ ግን ልጁ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ያልገባውን ትምህርት ለሁለተኛ ጊዜ የምንገዛበት ገንዘብ ነው። ሒሳብ ለሚይዝ ሰው አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ሲገዛ ያጠያይቃል። መልሱን ለማግኘት በጭሮ፣ በሒርና፣ በገለምሶ፣ በበዴሳና በሚኤሶ ልጆች እንዴት ሲማሩ እንደቆዩ ወደ ኋላ ብንመለከት ጥሩ ነው።

ከዘመናዊ ትምህርት በፊት በጨርጨር ልጅ የሚማረው በቁርአን ቤት ወይም በቤተ ክርስቲያን ነበር። ሁለቱም ብዙ በቃል ያስጠናሉ፤ አለንጋም አያጡም። ሴት ልጅም በብዛት አይገባባቸውም ነበር። ነገር ግን አንድ መልካም ጠባይ ነበራቸው፤ ልጁን ይጠብቁታል። የኔታ ዘንድ ፊደል የሚቆጥር ልጅ የዛሬውን ሳያውቅ ወደሚቀጥለው አያልፍም። በቁርአን ቤትም ሎህ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ሳይያዝ ሰሌዳው አይታጠብም። ቀድሞ የገባው ልጅ ኋላ የመጣውን ያስጠናል።

አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ የተማሩ ገዢዎች ያልጎደሉባት ከተማ ናት። ጨርጨርን ለሌሎች ምሳሌ የሚሆን ግዛት ለማድረግ የጣሩት የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር የደረሱት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ከእርሳቸው በኋላ በ1920ዎቹ ያስተዳደሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም በ1917 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በበላይነት የመሩ ሰው ነበሩ። ዘመናዊው ትምህርት ግን ከጥቁር ሰሌዳው ጋር የቋንቋ ግንብ ይዞ መጣ። በንጉሡ ዘመን ማስተማሪያው በአንደኛ ደረጃ አማርኛ፣ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ ሆነ። በሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምሩት ብዙዎቹ ሕንዶች፣ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮም የአሜሪካ የሰላም ጓዶች ነበሩ። ከቤቱ ኦሮምኛ ይዞ የመጣ ልጅ አንዱን ግንብ ዘሎ ሳያርፍ ሌላው ይጠብቀዋል።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ እናቶቻችን ልጅ እንዳዘሉ ፊደል ቆጠሩ። ዘመቻው በመጨረሻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ኦሮምኛም አንዱ ነበር፤ የሚጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበር። የዩኔስኮን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘ ዘመቻ ነው። እናቶቻችን የተማሩት ቀን ሥራ ውለው በደከመ ጉልበት ነበር፤ ነገር ግን ያልገባቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መጠየቅ ይችሉ ነበር።

በ1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ በቁቤ መጻፍ ጀመረ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን መብት አደረገ፤ በኦሮሚያ እስከ 8ኛ ክፍል ትምህርቱ በኦሮምኛ ሆነ። በዚያው ዘመን ተማሪን ማዕከል ያደረገ ትምህርት፣ የቡድን ሥራና ተከታታይ ምዘና የሚሉ ቃላት የመምህራን ሥልጠና መክፈቻ ሆኑ። ተማሪው ግን ከክፍሉ በፍጥነት በዛ። ትምህርቱ በፈረቃ ተከፈለ፤ በአንድ ወንበር ሦስትና አራት ሆነን ተቀመጥን።

ፕላዝማው የመጣው በዚህ ላይ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት መሰራጨት ጀመረ። ዝግጅቱ የተሠራው በደቡብ አፍሪካ ሲሆን ቋንቋው እንግሊዝኛ ነበር። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 30 ያህሉን ስክሪኑ ይወስዳል፤ የቀረችው ጥቂት ደቂቃ ለመምህሩ መግቢያና ማጠቃለያ ናት። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ቤተ ሙከራ የሌለው የገጠር ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ሙከራ በዓይኑ እንዲያይ ነው። ሆኖም እስከ 8ኛ ክፍል በኦሮምኛ የተማረች ልጅ 9ኛ ክፍል ስትገባ በማታውቀው ቅላጼ የሚናገር፣ ቁም ቢሉት የማይቆም፣ ድገም ቢሉት የማይደግም አስተማሪ ገጠማት። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ አብሮ ይጠፋል፤ ሲመለስ የሚቀጥለው ከተቋረጠበት ሳይሆን ስርጭቱ ከደረሰበት ነው። «ሥራውን ሥሩ» ብሎ የሰጠው ደቂቃ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ ያልቃል። መምህራችንም በገዛ ክፍላቸው ማጥፊያና ማብሪያ ተቆጣጣሪ ሆኑ።

በ1980ዎቹ የተወለድን የማኅበሩ አባላት አብዛኞቻችን የዚያ ክፍል ልጆች ነን። በጊዜው የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መንገዱን ይለይ ስለነበር ያለፉት ወደ መሰናዶ፣ የቀረነው ወደ ቴክኒክና ሙያ ሄድን። 10+1፣ 10+2 እና 10+3 የሚባሉት ቁጥሮች የእኛ ዘመን የዕድል ስሞች ናቸው። ከመካከላችን በዲፕሎማው ራሷን ያቆመች አለች፤ «ለትምህርት አልተፈጠርኩም» ብላ ወደ ጫት መደብ የተመለሰችም አለች። ይህች ሁለተኛዋ እኅታችን ለትምህርት ያልተፈጠረች አልነበረችም። የጠበቃት አልነበረም።

ዛሬ የ10ኛው ፈተና ቀርቷል፤ ጭሮም የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ከተማ ሆናለች። በ12ኛ ክፍል ፈተና ግን በመላ አገሪቱ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ብቻ ናቸው። የዚህን ጥፋት በአንድ ስክሪን ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም። ታሪኩ የሚያሳየን ግን አዲስ ዘዴ በመጣ ቁጥር ፊደሉ፣ ቋንቋውና መሣሪያው ሲለወጥ ልጁ «አልገባኝም» የሚልባት ደቂቃ እየጠበበች መሄዷን ነው።

ስለዚህ፣ እኅቶቻችን፣ በወላጆች ስብሰባ ላይ ስለ መዋጮ ብቻ ሰምተን አንመለስ። ልጆቻችን ስንት ሆነው እንደሚማሩ፣ 9ኛ ክፍል የገቡት አዲሱን የእንግሊዝኛ ቃል በሚያውቁት ቋንቋ የሚያስረዳቸው እንዳለ፣ ለጥያቄ ጊዜ ይሰጣቸው እንደሆነ እንጠይቅ። እኛም የድርሻችን አለብን፤ በገበያ ቀን ጫት ልታስር ወይም ውኃ ልትቀዳ የቀረችን ልጅ መምህሩ እንዴት አድርጎ ይጠብቃት? ማታ ልጆቻችን ሲገቡም «ስንተኛ ወጣሽ?» ከማለታችን በፊት «ዛሬ ምን ጠየቅሽ?» እንበላቸው። ይህን ለመጠየቅ እንግሊዝኛም ዲፕሎማም አያስፈልገንም።