በአንድ ሜዳ ሁለት ታሪክ

በአሜሪካ፣ በሰሜን ዳኮታ፣ የሃርት ወንዝ ከሚዙሪ ወንዝ በሚገናኝበት ሣራማ ሜዳ ላይ የፎርት አብርሃም ሊንከን ፓርክ ይገኛል። ድንኳን ተክለን ባደርንበት ዕለት አስቀድመን ያየነው የጦር አዛዡን የከስተርን ቤት ነበር። ከስተር በ1876 እ.ኤ.አ. ግንቦት ወር ከዚህ ዘምቶ በሰኔ በሊትል ቢግሆርን ጦርነት ሞተ።

በማግሥቱ አፈር የለበሱትን ክብ ቤቶች ጎበኘን። የማንዳን ሕዝብ በቆሎ፣ ባቄላና ዱባ እያመረተ 200 ዓመት ያህል የኖረበት መንደር ነው፤ የቤቱም የማሳውም ባለቤቶች ሴቶች ነበሩ። በ1781 ገደማ ፈንጣጣ ብዙውን ሕዝብ ፈጀ፤ የተረፉትም ወደ ሰሜን ተሰደዱ። ጦሩ የሰፈረው ከ90 ዓመት በኋላ በ1872 ነው።

ዛሬ የሚታዩት ቤቶች ሁሉ እንደገና የተሠሩ ናቸው። እንግዲህ ተማሪዎቻችንን ወደ ታሪክ ቦታ ስንወስድ «እዚህ ማን ተዋጋ?» በማለት ብቻ ሳንወሰን «ከዚያስ በፊት ማን ኖረ?» ብለን እንጠይቅ።