በቅሎ የተከለከለበት፣ ነዳጅ የተፈቀደበት ማዕቀብ

በ1928 ዓ.ም. ለኢጣልያ እንዳይሸጡ ከተከለከሉት ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ በቅሎ ይገኝበታል። ፈረስ፣ አህያና ግመልም አልቀሩ። ጎማ፣ ኒኬልና ቆርቆሮም አሉበት። ነዳጅ ግን የለም።

ዝርዝሩን ያወጣው በጄኔቭ ከተማ የተቀመጠው የዓለም መንግሥታት ማኅበር ነው። የኢጣልያ ጦር መስከረም 22 ቀን መረብን ተሻግሮ ሲገባ፣ 50 አባል መንግሥታት ኢጣልያ ቃል ኪዳኗን ማፍረሷን መሰከሩባት። ማዕቀቡም ኅዳር 8 ቀን ተጀመረ። መሣሪያ አይሸጥላት፣ ብድር አይሰጣት፣ ሸቀጧም አይገዛ ተባለ።

ነዳጁ ለምን ቀረ? ሰበቡ አሜሪካ ነበረች። የማኅበሩ አባል ስላልሆነች፣ እኛ ብንከለክል እርሷ ትሸጣለች ተባለ። ከሰበቡ በስተጀርባ ግን ፍርሃት ነበር። የፈረንሳዩ ላቫል በሂትለር ላይ ሙሶሊኒን ወዳጅ ለማድረግ ይመኝ ነበር፤ እንግሊዞችም ጦርነት አላማራቸውም። የሱዌዝ ቦይም አልተዘጋም፤ ለኢትዮጵያ ወታደር የጫነ መርከብ ቀረጡን እየከፈለ ያልፍ ነበር። የነዳጁ ነገር በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ ሲሰጠው ቆይቶ ተረሳ። በ1931 ዓ.ም. መግቢያ ሙሶሊኒ ሙኒክ ላይ ለሂትለር፣ ነዳጅ ቢከለከል ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ ለመውጣት ይገደድ እንደነበረ መናገሩን አስተርጓሚው ሽሚት ጽፏል። እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ።

አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን ስትያዝ፣ ፈራሚዎቹ ፊርማቸውን መልሰው መመርመር ያዙ። የእንግሊዙ የገንዘብ ሚኒስትር ቼምበርሌን ሰኔ 3 ቀን ማዕቀቡን መቀጠል እብደት ነው አለ። ጦርነቱ አልቋል፣ ቅጣቱ ለማን ይጠቅማል የሚል ነበር ክርክሩ። ጦርነቱ እንዲያልቅ የረዳው ግን የራሳቸው ዝርዝር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን በአማርኛ ሲናገሩ የኢጣልያ ጋዜጠኞች አፏጩባቸው። ከአራት ቀን በኋላ ጉባኤው ወሰነ፤ ሐምሌ 8 ቀን ማዕቀቡ ተነሣ። በእኛ አቆጣጠር ልክ ስምንት ወር መሆኑ ነው። ኢትዮጵያ የጠየቀችውን ብድርም ማኅበሩ ነፈጋት።

በዚያ ሰዓት ጎሬ ላይ የኢትዮጵያ ባንዲራ ገና አልወረደም ነበር። አለቀ የተባለው ጦርነትም፣ ማዕቀቡ በተነሣ በሁለት ሳምንት ገደማ አርበኞች አዲስ አበባን ራሷን ሲያጠቁ ተኩሱ ከተማው ውስጥ ተሰማ።