የእርግዝና መከላከያና የእናቶች ጤና መድኃኒቶች አቅርቦት በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች

የቤተሰብ ምጣኔ፣ የእርግዝና ክትትል፣ የወሊድና የድኅረ ወሊድ አገልግሎቶች በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። ይሁን እንጂ አገልግሎቱ ነፃ መሆኑ ብቻውን በቂ አይደለም። ተገልጋይዋ የመረጠችው የእርግዝና መከላከያ በቀጠሮዋ ቀን በጤና ተቋሙ መገኘት ይኖርበታል። ለወላድ እናት ደም የሚያቆመው መድኃኒትም ከማዋለጃ ክፍሉ አጠገብ፣ በተገቢው ቅዝቃዜ ተጠብቆ መቀመጥ አለበት። ይህ ጽሑፍ በነቀምቴ፣ በግምቢ፣ በሻምቡ፣ በደምቢ ዶሎና በአካባቢያቸው የሚገኙ ተገልጋዮች አገልግሎቱን ከየት እንደሚያገኙ፣ መድኃኒቱ በምን መንገድ እንደሚደርስና እጥረት ሲያጋጥም ምን ማድረግ እንደሚቻል ያስረዳል።

የአገልግሎቱ መሠረትና የደረሰበት ደረጃ

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ከሚደርስ ጉዳት ራሳቸውን ለመጠበቅ የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ከዚህ ቀደም ብሎ በ1985 ዓ.ም. የወጣው የሕዝብ ፖሊሲ የቤተሰብ ምጣኔን ከዋና ዋና ተግባራቱ አንዱ አድርጎታል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ አገልግሎቱን ከከተማ ወደ ቀበሌ አውርዶታል።

በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በ1992 ዓ.ም. ዘመናዊ የእርግዝና መከላከያ ይጠቀሙ የነበሩት ባለትዳር ሴቶች 6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ቁጥር በ2008 ዓ.ም. ወደ 35 በመቶ፣ በ2011 ዓ.ም. ወደ 41 በመቶ ከፍ ብሏል። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ድርሻም በ1992 ዓ.ም. ከነበረበት 5 በመቶ በ2011 ዓ.ም. 48 በመቶ ደርሷል። ሆኖም በ2008ቱ ጥናት በኦሮሚያ ክልል ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙት 28 በመቶ ያህል ነበሩ። መውለድ ማቆም ወይም ማራራቅ እየፈለጉ መከላከያ የማይጠቀሙት ባለትዳር ሴቶች በአገር አቀፍ ደረጃ 22 በመቶ ሲሆኑ፣ በክልሉ ወደ 29 በመቶ ይጠጉ ነበር። ስለዚህ በወለጋ አካባቢ የአቅርቦት ጉዳይ ገና ብዙ ሥራ የሚጠይቅ ነው።

አገልግሎቶቹ የት ይገኛሉ?

በጤና ኬላ፦ ኮንዶም፣ በየቀኑ የሚዋጥ እንክብልና በየሦስት ወሩ የሚሰጥ መርፌ ይገኛሉ። የሠለጠኑ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ለሦስት ዓመት የሚያገለግለውን በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበር መከላከያ (ኢምፕላኖን) ያስቀምጣሉ።

በጤና ጣቢያ፦ ከላይ ከተጠቀሱት በተጨማሪ በማህፀን የሚቀመጥ ሉፕ፣ ኢምፕላንት የማውጣት አገልግሎት፣ የእርግዝና ክትትልና የማዋለድ አገልግሎት ይሰጣሉ። ሉፕ እስከ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ የሚያገለግል ቢሆንም፣ ተገልጋይዋ በፈለገችበት ጊዜ ማስወጣት ትችላለች። ኢምፕላንትም እንዲሁ ነው።

በሆስፒታል፦ የነቀምቴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ማዋለድን ጨምሮ ከጤና ጣቢያዎች ወደ ከተማዋ የሚላኩ ውስብስብ የወሊድ ችግሮችን ያክማሉ። ቋሚ የወሊድ መቆጣጠሪያ ዘዴም በሆስፒታል ደረጃ ይሰጣል።

አገልግሎቱን ለማግኘት የባል ወይም የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ባለሙያው የሁሉንም ዘዴዎች ጥቅምና የጎንዮሽ ጉዳት ካስረዳ በኋላ ምርጫው የተገልጋይዋ ነው።

የእናትን ሕይወት የሚታደጉ መድኃኒቶች

በ2008 ዓ.ም. ጥናት በአገሪቱ ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት ሕይወታቸውን ያጡ ነበር። ከዋነኞቹ ምክንያቶች መካከል የደም መፍሰስና በእርግዝና ጊዜ የሚከሰት የደም ግፊት ይገኙበታል። ሁለቱም ውድ ባልሆኑ መድኃኒቶች መከላከልና ማከም ይቻላል።

ኦክሲቶሲን ሕፃኑ እንደተወለደ ወዲያውኑ ለእናትየው የሚሰጥ መርፌ ሲሆን፣ ማህፀኗ እንዲኮማተርና የደም መፍሰስ እንዲቀንስ ያደርጋል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል። መብራት በሚቆራረጥበት ወይም ማቀዝቀዣ በተበላሸበት ተቋም መድኃኒቱ በመደርደሪያ ላይ እያለ እንኳ ላይሠራ ይችላል ማለት ነው። ሚሶፕሮስቶል በእንክብል መልክ የሚሰጥና ማቀዝቀዣ የማያስፈልገው አማራጭ ነው። ማግኒዚየም ሰልፌት ከደም ግፊት ጋር ተያይዞ የሚመጣን መንቀጥቀጥ ይከላከላል፤ ያክማልም። በክትትል ወቅት የሚሰጠው የአይረንና ፎሌት እንክብል ደግሞ የደም ማነስን ይከላከላል።

መድኃኒቱ እስከ ጤና ኬላ እንዴት ይደርሳል?

የመንግሥት ጤና ተቋማትን መድኃኒት የሚገዛውና የሚያሰራጨው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው። ተቋሙ የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ በሚል ስያሜ በአዋጅ ቁጥር 553/1999 የተቋቋመ ሲሆን፣ በነቀምቴ ከተማ ቅርንጫፍ አለው። ከአዲስ አበባ ወደ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው ይህ ቅርንጫፍ በምዕራብ ኦሮሚያ ለሚገኙ የጤና ተቋማት ያሰራጫል።

ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች በየሁለት ወሩ ምን ያህል መድኃኒት እንደተጠቀሙ፣ ምን ያህል እንደቀራቸውና ምን ያህል እንደሚያስፈልጋቸው በቅጽ ሞልተው ይልካሉ። ጤና ኬላ በበኩሉ ከተጠሪ ጤና ጣቢያው በየወሩ ይረከባል። ስለዚህ በጤና ኬላ የሚሰጥ እያንዳንዱ መርፌ በትክክል ካልተመዘገበ የሚቀጥለው ጥያቄ ከሚያስፈልገው በታች ይሆናል።

እጥረት ለምን ይከሰታል?

የመጀመሪያው ምክንያት የትራንስፖርት ችግር ነው። ከነቀምቴ ወደ ግምቢ፣ ወደ ነጆና ወደ ደምቢ ዶሎ የሚወስዱ መንገዶች ባለፉት ዓመታት በነበረው የጸጥታ ችግር በተደጋጋሚ ተስተጓጉለዋል። በክረምት ደግሞ ከዋናው መንገድ የራቁ ቀበሌዎችን መድረስ አስቸጋሪ ይሆናል።

ሁለተኛው የገንዘብ ምንጭ ነው። አብዛኛው የእርግዝና መከላከያ ግዥ የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድን ጨምሮ በልማት አጋሮች ድጋፍ ሲሸፈን ቆይቷል። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ2025 የታየው ዓይነት የውጭ ዕርዳታ መቀነስ በቀጥታ አቅርቦቱን ይነካል።

ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የማይስተዋል ነው። ኢምፕላንቱ ለጤና ተቋሙ በነፃ ቢደርስም፣ ለማስቀመጥና ለማውጣት የሚያስፈልጉት ጓንት፣ ማደንዘዣና ምላጭ ተቋሙ በራሱ በጀት የሚገዛቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል መከላከያው በእጅ እያለ አገልግሎቱ ይቋረጣል።

ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

የመርፌ ቀጠሮ ከማለፉ ከጥቂት ቀናት በፊት ወደ ጤና ተቋሙ መሄድ ይመከራል፤ መድኃኒቱ ከሌለ በሌላ ተቋም ለመፈለግ ጊዜ ይገኛል። ቀጠሮው ካለፈ እስከ አራት ሳምንት ድረስ መርፌውን መውሰድ የሚቻል ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ከዘገየ ባለሙያ ማማከርና እስከዚያው ኮንዶም መጠቀም ያስፈልጋል።

ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እንክብል ከግንኙነት በኋላ እስከ 120 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊወሰድ ቢችልም፣ ቶሎ በተወሰደ መጠን ውጤታማነቱ ይጨምራል።

የኢምፕላንት ወይም የሉፕ ማብቂያ ቀን የተጻፈበትን ካርድ መጠበቅ ተገቢ ነው። ከቀዬአቸው የተፈናቀሉ ተገልጋዮች ካርዳቸው ቢጠፋም በደረሱበት የመንግሥት ጤና ጣቢያ ማስወጣት ወይም መቀየር ይችላሉ።

ነፍሰ ጡር እናቶች ቢያንስ ስምንት ጊዜ ክትትል እንዲያደርጉ ይመከራል። መኖሪያቸው ከጤና ተቋም የራቀ እናቶች የመውለጃቸው ጊዜ ሲቃረብ የእናቶች ማቆያ ባለባቸው ጤና ጣቢያዎች መቆየት ይችላሉ። ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት ወይም የደም መፍሰስ ከታየ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

በመንግሥት ጤና ተቋም ነፃ ለሆነ አገልግሎት ክፍያ የተጠየቀ ወይም መድኃኒት በተደጋጋሚ ያጣ ተገልጋይ ቅሬታውን በቅድሚያ ለተቋሙ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለወረዳው ወይም ለከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይችላል። የተበላሸ፣ ጊዜው ያለፈበት ወይም አጠራጣሪ መድኃኒት ሲያጋጥም ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅ ይቻላል። ቅሬታው የመድኃኒቱን ስም፣ የተቋሙን ስምና ቀኑን የያዘ ቢሆን ክትትሉን ያፋጥናል።