ከንዳድ ወደ ደም ስኳር፦ የሕፃናት ጽኑ ወባ ዕውቀት ታሪክ



አባቶቻችን ወባን «ንዳድ» ይሉት ነበር። ስያሜው በእጅ የሚዳሰሰውን ትኩሳት ይገልጻል። የዛሬው ጥያቄዬ ግን ከትኩሳቱ ጀርባ በሕፃኑ ደም ውስጥ ምን እንደሚከናወን፣ ይህንንም ለመረዳት ለምን ረጅም ዘመን እንደወሰደ የሚመለከት ነው።

ሻርል ላቭራን የወባን ተሕዋሲ በ1880 እ.ኤ.አ. አልጄሪያ ውስጥ በሕሙማን ደም አየ። ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል ትኩረቱ ሁሉ ተሕዋሲውን በመግደልና ትንኟን በማጥፋት ላይ ነበር። በአገራችን በ1958 እ.ኤ.አ. የተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150,000 ያህል እንደገደለ ተገምቷል። በማግሥቱ ዓመት የተቋቋመው መሥሪያ ቤት «ወባ ማጥፊያ» መባሉ የዘመኑን አስተሳሰብ በሚገባ ያሳያል።

ይሁን እንጂ መድኃኒት የተሰጣቸው ሕፃናትም ይሞቱ ነበር። ምክንያቱን ለመረዳት የደሙን ኬሚስትሪ ማየት ያሻል። ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ሲራባ ግሉኮስ ይፈጃል፤ ላክቲክ አሲድም ይተፋል። የተጠቁት ሕዋሳት በቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ሲጣበቁ ኦክስጅን ይጓደላል፤ የሕፃኑ አካልም በበኩሉ ላክቲክ አሲድ ያመነጫል። ደም ማነስ ጉድለቱን ያባብሰዋል። የትንሽ ልጅ ጉበት ያከማቸው ስንቅ ጥቂት ነው፤ በሕመም ምክንያት ሳይበላ ሲቆይ ይሟጠጣል፤ አዲስ ስኳር የመሥራት ኃይሉም ይዳከማል። ስለዚህ ስኳሩ ይወርዳል፣ ደሙ ይኮመጥጣል፣ ሕፃኑ ራሱን ይስታል።

ይህ ዕውቀት የተገኘው ቀስ በቀስ ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. ታይላንድ ውስጥ የተደረገ ጥናት፣ ኩዊኒን ቆሽትን አነሣሥቶ ኢንሱሊን በማስመንጨት የሕሙማንን ስኳር እንደሚያወርድ አመለከተ። ይህ እውነት ቢሆንም የአፍሪካን ሕፃናት ሁኔታ አያስረዳም ነበር። በ1988 እ.ኤ.አ. የታተመው የማላዊ ጥናት እንዳሳየው፣ ሕፃናቱ ኩዊኒን ከመውሰዳቸው አስቀድሞ ስኳራቸው ወርዶ ነበር፤ ኢንሱሊናቸውም ዝቅተኛ ነበር። በ1990ዎቹ ደግሞ በጋምቢያና በኬንያዋ ኪሊፊ የተካሄዱ ጥናቶች የላክቲክ አሲድ ክምችት ከሞት ጋር በጥብቅ የተቆራኘ መሆኑን አረጋገጡ። ሳንባ ምች ይመስል የነበረው ጥልቅ አተነፋፈስም ብዙውን ጊዜ አካሉ ከአሲድ ጋር የሚያደርገው ትግል ሆኖ ተገኘ።

ሌላው ትምህርት የበለጠ መራራ ነው። አሲዱ ከፈሳሽ ማነስ የመጣ ይመስል ስለነበር በደም ሥር ፈሳሽ በፍጥነት መስጠት ተገቢ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ከ3,000 በላይ ሕፃናት የተሳተፉበት ሙከራ ውጤት ይፋ ሆነ፤ ከግማሽ የሚበልጡት ወባ ነበረባቸው። በ48 ሰዓት ውስጥ ፈሳሹ በፍጥነት ከተሰጣቸው 10.5 በመቶ ያህል፣ ካልተሰጣቸው ደግሞ 7.3 በመቶ ሞቱ። በአንጻሩ በ2010 እ.ኤ.አ. በ9 የአፍሪካ አገሮች በ5,425 ሕፃናት ላይ የተደረገው ሙከራ፣ አርቴሱኔት የሞትን መጠን ከኩዊኒኑ 10.9 በመቶ ወደ 8.5 በመቶ ዝቅ እንዳደረገ አሳየ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ተመሳሳይ የደም ምልክት የተለያየ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። በአዋቂ የታየውን በሕፃን ላይ፣ በሌላ ሕመም የታየውን በወባ ላይ ሳይመረምሩ መጫን ሕይወት ያስከፍላል። ትክክለኛው ምክንያት ሲታወቅ ግን መፍትሔው አንዳንዴ ከቤት የሚገኝ ይሆናል። የደም ሥር መርፌ በሌለበት ጤና ጣቢያ፣ ራሱን ለሳተና ስኳሩ ለወረደ ሕፃን አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ ጠብታ አርጥቦ ከምላሱ ሥር ማድረግ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ጊዜያዊ እርዳታ ነው። ላቭራን ተሕዋሲውን ካየ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የተገኘው ይህ ዕውቀት፣ ዛሬ በየገጠሩ ጤና ጣቢያ ከሚሠራው ባለሙያ እጅ ሊደርስ ይገባል።