የምእመናን ምስክርነት በወላይታ

ወንጌልን ማድረስ የሠለጠነ ሰባኪ ሥራ ብቻ ነው የሚለውን አስተሳሰብ የወላይታ ታሪክ ያፈርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1937 የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሠራተኞች በጣሊያን ወረራ ሳቢያ አካባቢውን ሲለቁ የተጠመቁት አማኞች 48 ገደማ ነበሩ፤ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚገመቱ (ቁጥሩ ግምት እንጂ ቆጠራ አይደለም) ጠበቋቸው። በመካከሉ ዋንዳሮን የመሰሉ መሪዎች ታስረው ተገርፈዋል፤ ምእመናኑ ለእስረኞች ስንቅ ሲያመላልሱ፣ እርስ በርስ ሲረዳዱ ጎረቤት አየ፤ የሰበከውም ይኸው ነው።

እርግጥ ቀደም ሲል ኤሳ ላሌ የተባለ ነቢይ ሕዝቡ አንዱን ፈጣሪ፣ ቶሳን፣ ብቻ እንዲያመልክ ሰብኮ መንገድ ጠርጓል የሚል ሙግት አለ። ሙግቱ ሰዎች ለምን ለመስማት እንደተዘጋጁ ያስረዳል፤ እድገቱ ለምን በስደቱ ዓመታት እንደፈጠነ ግን አያስረዳም። ከወላይታ የተነሡ ወንጌላውያን ኋላ ወደ አጎራባች ሕዝቦችም ዘልቀዋል።