የጉራጌኛ ድርሰትና የማኅበራዊ መገናኛ ፊደል፤ አጭር ታሪካዊ ዳሰሳ

እንደሚታወቀው፣ በማኅበራዊ መገናኛ ስለሚቀርቡ ድርሰቶች ሲነገር ጎልቶ የሚነሣው የአርታዒ አለመኖር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ ማንሣት ነው፤ ይኸውም ደራሲው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ለመጻፍ የሚያስፈልገው ፊደል በመድረኩ ላይ አለ ወይ የሚለው ነው። ለዚህም ወልቂጤና ቡታጅራ የሚገኙበት የጉራጌ አገር ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል።

ጉዳዩ ከኮምፒዩተር በፊት ይጀምራል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸውን የጻፉት በቸሃ ነበር። ይሁን እንጂ ድርሰቱ በ1964 እ.ኤ.አ. ለሰፊው አንባቢ የቀረበው ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመውት ነው። ደራሲው ከዚያ በኋላ የታወቁባቸው ልብ ወለዶችም በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው።

በኮምፒዩተር ዘመንም ጉራጌኛ ዘግይቶ ደርሷል። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት የግእዝን ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ሲቀበል፣ የሰባት ቤት ጉራጌ ልዩ ፊደላት የገቡት በ2005 ነው፤ ፌስቡክ ከተመሠረተ ከአንድ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በ2021 ደግሞ ለጉራጌ ቋንቋዎች 28 ፊደላት ተጨመሩ።

እነዚህ ፊደላት ጌጥ አይደሉም። በቸሃ «ከፈት» በሚለው የግሥ ግንድ ውስጥ ያለው «ፈ» በከንፈር ክብነት ሲነገር «ከፈተው» የሚል ፍች ይሰጣል። ተሳቢውን የሚያመለክተው ያ የከንፈር ቅርጽ ብቻ ነው። በመሆኑም ገጣሚው ተራውን «ፈ» ከጻፈ ድርጊቱ የተፈጸመበት አካል ከስንኙ ይጠፋል።

ይሁንና መመዝገቡ ብቻ አይበቃም። በስልኩ ውስጥ ያለው የፊደል ቅርጽ ካልያዘው፣ ፊደሉ ለአንባቢ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ገጣሚው ፊደሉን በቅርብ ዘመዱ ይተካል፣ አለበለዚያም በአማርኛ ይጽፋል። ለአማርኛው ሌላም ምክንያት አለ፤ ጉራጌኛ አንድ ወጥ ቋንቋ ባለመሆኑ፣ የሰባት ቤቱ ተናጋሪና በቡታጅራ ዙሪያ ያለው የመስቃን ተናጋሪ በአማርኛ መገናኘት ይቀላቸዋል።

ከዚህ እንደምንረዳው፣ በማኅበራዊ መገናኛ የሚታየው የቋንቋ ምርጫ ሁልጊዜ የደራሲው ፈቃድ መግለጫ አይደለም። እንግዲህ እነዚህን ግጥሞች የሚሰበስብ ተማሪ ሁለት ነገር ልብ ሊል ይገባል። አጻጻፉን ሳያርም እንዳለ ይመዝግብ፤ የተተካው ፊደል ራሱ የታሪክ ማስረጃ ነውና። ከተቻለም ገጣሚው ሲያነብ ድምፁን ይቅዳ፤ ፊደሉ የጣለውን ከንፈሩ ይዞታልና።